የትምህርት ማስረጃና የተማሪ አትሌቶች ምልመላ፦ ከጅግጅጋ ወደ አሜሪካ ኮሌጆች

እ.ኤ.አ. በ1987 በሮም በተካሄደው የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና በ1,500 ሜትር ያሸነፈው ሶማሊያዊው አብዲ ቢሌ በቨርጂኒያ የጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። በዚያው ዓመት በዚሁ ርቀት የአሜሪካ ኮሌጆችን ሻምፒዮና አሸንፏል። የእርሱ ጉዞ በጅግጅጋ፣ በቶጎ ውጫሌና በቀብሪበያህ ለሚሮጡ ተማሪዎች ምሳሌ መሆን ይችላል፤ ነገር ግን መንገዱን ፍጥነት ብቻውን አይከፍተውም። ይህ ጽሑፍ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የሚጠራቀመው የትምህርት ማስረጃ በምልመላው ውስጥ ያለውን ወሳኝ ሚና ይመረምራል።

የሁለቱ ሥርዓቶች ልዩነት

በኢትዮጵያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ምደባ በብሔራዊ ፈተና ውጤትና በተማሪው ምርጫ ይመራል። በአሜሪካ ግን አሠልጣኙ አትሌቱን ይመርጣል፣ ኮሌጁ ይቀበለዋል፣ የብሔራዊ ኮሌጆች ስፖርት ማኅበር (ኤንሲኤኤ) ደግሞ ብቁነቱን ያረጋግጣል። ከሦስቱ የአንዱ ይሁንታ የሌላውን አይተካም። በተጨማሪም የማኅበሩ ሦስተኛ ዲቪዚዮን ኮሌጆች በስፖርት ችሎታ ላይ የተመሠረተ ነፃ የትምህርት ዕድል አይሰጡም።

ማስረጃው የሚፈተንባቸው ነጥቦች

የመጀመሪያው ውጤት ነው። ለአንደኛ ዲቪዚዮን 16 ዋና ዋና ኮርሶችና ቢያንስ 2.3 አማካይ ነጥብ ያስፈልጋሉ። ስለዚህ በ12ኛ ክፍል ብቻ የሚደረግ ጥረት የ9ኛና የ10ኛ ክፍልን ድክመት ሙሉ በሙሉ አያካክስም።

ሁለተኛው ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 በይፋ የጸደቀው የሶማልኛ የላቲን አጻጻፍ የ«ሐ»ን ድምፅ በ«ኤክስ»፣ የ«ዐ»ን ድምፅ በ«ሲ» ፊደል ይወክላል። በዚህ ምክንያት «ሐሰን» ወይም «ዐብዲ» በትምህርት ቤት መዝገብና በፓስፖርት ላይ በተለያየ ፊደል ሊሰፍር ይችላል። ልዩነቱ ሳይስተካከል ከቀረ የአንድ ተማሪ ማስረጃዎች የሁለት ሰዎች ይመስላሉ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተመዘገበ የልደት ቀንም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይሻል።

ሦስተኛው ጊዜ ነው። በቅርብ ዓመታት የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ይፋ የሆነው የአሜሪካ የመኸር መንፈቀ ዓመት ከተጀመረ በኋላ ነው። የመወዳደሪያ ዘመንን የሚወስኑት ደንቦች ከሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ጊዜ ጋር የተያያዙ በመሆናቸው ፈተናውን ካለፈ በኋላ ዝግጅት የሚጀምር አትሌት ዕድሉን ያጠባል። የአይ-20 ቅጽና የኤፍ-1 ቪዛ ሂደትም የራሱን ወራት ይወስዳል፤ ለቪዛ ቃለ መጠይቅ ከጅግጅጋ አዲስ አበባ ድረስ መጓዝ ግድ ይላል።

አራተኛው የሩጫ ሰዓት ነው። በእጅ የተያዘ ሰዓት በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ከተመዘገበና በይፋ ከታተመ ውጤት እኩል አመኔታ አያገኝም።

ማጠቃለያ

ከአራቱ ነጥቦች ሦስቱ ከመሮጫው ሜዳ ውጭ፣ በትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ የሚወሰኑ ናቸው። ትምህርት ቤቶች ተማሪው 9ኛ ክፍል ሲገባ የስሙን አጻጻፍና የልደት ቀኑን ከመታወቂያ ሰነዱ ጋር ቢያመሳክሩ፣ የውጤት መግለጫውንም በየዓመቱ አረጋግጠው ቢሰጡ፣ ያለ ብዙ ወጪ ትልቁን መሰናክል ያቃልላሉ። ይህ ካልተደረገ ግን ጥሩ ሰዓት ያለው ሯጭ በማስረጃ ጉድለት ይቀራል።