በግድግዳ ላይ የተጻፈውን የሰም ቀለም ስለ ማስለቀቅ

ልጆች ሆይ፤ የትምህርት ቤት ግድግዳ የሁላችን ገንዘብ ነው። ሕፃን ልጅ ሳያውቅ ክሬዮን በሚባለው የሰም ቀለም ጽፎበት ቢገኝ፥ የጻፈውን ማስለቀቅ ይገባል። ነገር ግን ሳይመረምሩ የሚፈትጉ ሰዎች፥ ጽሕፈቱን እናጠፋለን ሲሉ ግድግዳውን ይልጡታል። ስለዚህ አስቀድሞ ሁለት ነገር ማወቅ ያስፈልጋል፤ አንደኛው የተጻፈበት ነገር ምን እንደ ሆነ፥ ሁለተኛውም ግድግዳው በምን እንደ ተቀባ ነው።

ክሬዮን የሚሠራው ከፓራፊን ሰምና ከቀለም ዱቄት ነው። ፓራፊን ከምድር ከሚወጣው የነዳጅ ዘይት ይገኛል፤ ከ46 እስከ 68 ዲግሪ ባለው ሙቀትም ይቀልጣል። ሰምና ውሃ አይዋሐዱም፤ በሻማ ላይ ውሃ ብታፈስሱ፥ ውሃው እየተንከባለለ ይወርዳል እንጂ አይሰርግም። ስለዚህ ውሃ ብቻውን ክሬዮንን አያስለቅቅም። ሳሙና ግን በአንድ ወገን ቅባትን፥ በአንድ ወገን ውሃን ስለሚይዝ፥ በሁለቱ መካከል እንደ አስታራቂ ሽማግሌ ይሆናል።

ግድግዳው በዘይት ቀለም የተቀባ እንደ ሆነ ያብረቀርቃል፤ መታጠብንም ይችላል። በውሃ የሚበጠበጥ ቀለም የተቀባው ግን ብዙ ቢታሽ ይለቃል። በኖራ የተቀባው ደግሞ በእጅ ሲነኩት ነጭ ዱቄት ይለቃል፤ እርሱን ማጠብ አይገባም።

የሥራው ሥርዓት ይህ ነው።

1. ከበር በስተኋላ፥ በማይታይ ስፍራ አስቀድማችሁ ሞክሩ።
2. ወፍራሙን ሰም በማንኪያ ጠርዝ ቀስ አድርጋችሁ አንሡ።
3. ለስላሳ ጨርቅ ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ነክራችሁ ጨምቁ፤ ከታች ወደ ላይ እያላችሁም በዝግታ እሹ።
4. እንቢ ያለ እንደ ሆነ፥ በእርጥቡ ጨርቅ ላይ ቤኪንግ ሶዳ የሚባለውን ነጭ ዱቄት ጥቂት ነስንሱና ሳትጫኑ እሹ።
5. በንጹሕ ውሃ አጥባችሁ በደረቅ ጨርቅ አድርቁ።

የኖራ ግድግዳ ሲሆን፥ ሰሙን በደረቁ ፍቆ አዲስ ኖራ መቀባት ይሻላል። ሰሙ ሳይፋቅ ቢቀቡበት ኖራው አይዝም፤ ጽሕፈቱም ተመልሶ ይታያል። ኖራ ዓይንን ያቃጥላልና ይህን ሥራ ትልቅ ሰው ይሥራው።

ላምባና ቤንዚን ሰምን ያሟሙታል፤ ነገር ግን እሳት ፈጥኖ ይይዛቸዋልና ከቶ አትንኩ። በረኪናም ሰምን አያስለቅቅም፤ ዓይንንና ሳንባን ግን ይጎዳል።

በቤተ ክርስቲያን ባለው በጥንታዊ ሥዕል ላይ ምልክት ብታዩ፥ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አታድርጉ፤ ለደብሩ አስተዳዳሪ ንገሩ እንጂ። ብዙዎቹ ሥዕሎች በሸማ ላይ ተሥለው በግድግዳው የተለጠፉ ናቸው፤ ውሃ ቢነካቸውም ቀለማቸው ሊለቅ ይችላል። ኖራ ዳግመኛ ይገዛል፤ የጥንት ሠዓሊ እጅ ግን ዳግመኛ አይገዛም።

የጻፈውንም ሕፃን አትምቱት። ወረቀት ስጡት፤ የሚጻፍበትንና የማይጻፍበትንም አሳዩት፤ ግድግዳው ሲታጠብ ጨርቁን ይዞ ይርዳችሁ። በገዛ እጁ ያጸዳውን ለማቆሸሽ አይቸኩልምና።

ጥያቄ።
1. ውሃ ብቻውን ክሬዮንን የማያስለቅቀው ስለ ምንድር ነው?
2. የትምህርት ቤታችሁ ግድግዳ በምን ተቀብቷል? በምን አወቃችሁ?
3. የጥንት ሥዕል በሳሙና የማይታጠበው ስለ ምንድር ነው?