ነፍስና ንብረት በወረርሽኝ ሚዛን



የኮሮና በሽታ ወደ አገራችን መግባቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገለጸ በኋላ በየሰፈሩና በየታክሲው የምንከራከርበት አንድ ጥያቄ ነበር። ይኸውም «በሽታውን ለመግታት ሲባል ሥራና ንግድ ይዘጋ ወይስ አይዘጋ?» የሚል ነው። ያኔ እኔ «ይዘጋ» ከሚሉት ወገን ነበርኩ። ማስረጃዬም አጭር ነበር። ዑለማዎቻችን ሸሪዓ የሚጠብቃቸውን አምስት ነገሮች ሲዘረዝሩ ሃይማኖትን፣ ነፍስን፣ አእምሮን፣ ዘርንና ንብረትን ይጠቅሳሉ። ነፍስ ከንብረት ይቀድማል፤ በቃ፣ ክርክሩ አልቋል እል ነበር።

አለማለቁን ያስተማሩኝ አንዲት እናት ናቸው። በሰፈራችን መስጊድ በር ላይ በአዘቦት ቀን መፋቂያና ቴምር፣ በረመዳን ደግሞ ሳምቡሳ ይሸጡ ነበር። ሚያዝያ 16 ቀን ረመዳን ሲገባ የጀመዓ ሶላት ቆሞ የመስጊዱ በር ተዘግቷል። መንገድ ላይ አግኝቻቸው ከቤት አይውጡ ብዬ ልመክራቸው ስጀምር፣ «ልጄ፣ አንተ ቤትህ ብትቀመጥ ደመወዝህ ይመጣል። እኔ ቤቴ ብቀመጥ የሚመጣው አከራዬ ነው» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። እርግጥ የአስቸኳይ ጊዜው ደንብ ተከራይን ማስወጣትንም ኪራይ መጨመርንም ከልክሎ ነበር፤ ነገር ግን ክልከላው ኪራዩን አልከፈለላቸውም።

የሚዛኔ ስህተት የታየኝ እዚህ ላይ ነው። መጋዘን ሙሉ ዕቃ ያለው ነጋዴ ሱቁ ሁለት ወር ቢዘጋ የሚጎዳው ንብረቱ ነው። የዕለት ጉርሷን በዕለት ለምታገኝ እናት ግን ገንዘቡ ራሱ ነፍስ ነው። እንግዲህ በአንድ ቃል «ኢኮኖሚ» ብለን የጠራነው ነገር ለአንዱ ትርፍ፣ ለሌላው እስትንፋስ ከሆነ፣ ነፍስ ከንብረት ይቀድማል የሚለው መርህ የሚያዘን መዝጋትን ብቻ ነውን?

ወደ ሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ) ዘመን እንመለስ። በ17ኛው ወይም በ18ኛው ዓመተ ሒጅራ (የታሪክ ጸሐፍት ይለያያሉ) ወደ ሻም ሲጓዙ «ሰርግ» ከምትባል ቦታ ደረሱ፤ ቦታዪቱ ከእኛ ድግስ ጋር የስም እንጂ የነገር ዝምድና የላትም። የሻም የጦር አዛዦች እዚያ ተቀብለዋቸው ወረርሽኝ መግባቱን ነገሯቸው። ዑመር ብቻቸውን አልወሰኑም። በመጀመሪያ ሙሃጂሮችን፣ ቀጥሎ አንሷሮችን አማከሩ፤ ሁለቱም ተከፋፈሉ። ከዚያ የቁረይሽ ሽማግሌዎችን ጠየቁ፤ እነርሱ በአንድ ድምፅ ይመለሱ አሉ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ግን ይህ ከአላህ ውሳኔ መሸሽ አይሆንምን ብለው ተቃወሙ። ዑመርም ከአላህ ውሳኔ ወደ አላህ ውሳኔ እንደሚሄዱ ከገለጹ በኋላ በግመል እረኛ መሰሉላቸው፦ ሸለቆው አንድ ወገኑ ለምለም፣ አንድ ወገኑ ደረቅ ቢሆን እረኛው በየትኛውም ቢያሰማራ በአላህ ውሳኔ ነው። ልብ በሉ፤ ስለ በሽታ ሲጠየቁ የመለሱት በመተዳደሪያ ምሳሌ ነው። በመጨረሻም ዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ) መጥተው፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወረርሽኝ ወዳለበት አገር መግባትንም፣ ካለበት አገር ሸሽቶ መውጣትንም መከልከላቸውን ነገሯቸው።

ይህን ታሪክ በኮሮና ጊዜ ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። እኔም ደጋግሜ ጠቅሼዋለሁ። ሳንነግራችሁ ያለፍነው ሌላው ግማሹን ነው። አትውጣ የተባለው ሰው ለሌሎች ደኅንነት ሲል ከአደጋው ጋር ይቀመጣል። ኢማም አል-ገዛሊም ስለ ክልከላው ምክንያት ሲጽፉ፣ ጤነኞቹ ጥለው ቢወጡ ለሕሙማኑ ውኃና ምግብ የሚያቀርብ አይኖርም ይላሉ። ስለዚህ ክልከላው ከሚያበላ እጅ ጋር የተቆራኘ ነው።

በዚያው በ18ኛው ዓመተ ሒጅራ ሒጃዝን «ዓመተ ረማዳ» የተባለው ድርቅ መታው። ዑመር ለየአገሩ ገዢዎች እርዳታ ጠየቁ። ቀድመው የደረሱት በሰርግ የተከራከሯቸው አቡ ዑበይዳ ሲሆኑ፣ 4 ሺህ ግመል ጭነት እህል ይዘው እንደመጡ ተዘግቧል። ዑመር ራሳቸው ሕዝቡ እስኪጠግብ ቅቤና ሥጋ ተዉ፤ በችግር የሰረቀውንም እጁን አልቆረጡም። አቡ ዑበይዳ በኋላ በዚያው የዐምዋስ ወረርሽኝ አለፉ። መንገድ የዘጋውና እህል ያስጫነው እጅ አንድ ነበር።

በአገራችን ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም፤ ከእጅ ወደ አፍ የሚኖረው ሕዝብ ብዛት ይህን አይፈቅድም ነበር። መንግሥት በዚህ ልክ ነበር እላለሁ። ነገር ግን ታክሲ ግማሽ ሰው እንዲጭንና ታሪፉ እጥፍ እንዲሆን ሲደረግ እጥፉን የከፈለው ማን ነው? በመኪናው የሚሄደው ሰው አይደለም። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ሲከለከል እኔ ያጣሁት ወሬ ነው፤ እሳቸው ያጡት ገበያ ነው። ሳውዲም በዚያው ዓመት (2020 እ.ኤ.አ.) ሐጅን በአገሯ ላሉ 1 ሺህ ገደማ ሰዎች ብቻ ስትወስን ብዙ ገቢ አጥታለች፤ ለአንድ መንግሥት ግን ያ ንብረት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ ነበር? እኛ ሙስሊሞች በእጃችን ዘካ ነበረን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አጎታቸው ዐባስ ዘካቸውን ከጊዜው አስቀድመው እንዲሰጡ እንደፈቀዱ ተዘግቧል። በአገራችን የሚበዙት የሻፊዒና የሐነፊ መዝሀቦችም ኒሷብ ለሞላለት ሰው ዓመቱ ሳይደርስ ማስቀደምን ይፈቅዳሉ። «መስጊድ ይዘጋ» የሚለው ፈትዋ በተነገረበት ቀን «ዘካችሁን ዛሬ አውጡ» የሚለውም አብሮ ቢነገር ኖሮ፣ በሩ ላይ የሚቀመጡት ሰዎች ቢያንስ ረመዳንን ያልፉ ነበር። ወላሁ አዕለም።

ሌላውን ልውቀስ እንጂ የእኔም ዘካ ዓመቱ የሚሞላው በሙሐረም ነበርና እንደ ልማዴ ጠበቅሁ። ነሐሴ ላይ ሙሐረም 1442 ሲገባ ገንዘቡን ይዤ እኒያን እናት ፈለግሁ። ጎረቤት እንደነገረችኝ ቤቱን ለቀው ወደ ትውልድ አገራቸው ከሄዱ ወር አልፏቸዋል።