ከመፈረምሽ በፊት

ከዚህ በታች የቀረበው ምልልስ ረጅም ዘመን በሠራተኛ አስተዳደር ክፍል አገልግለው ጡረታ በወጡ እናትና በቅርቡ ከዩኒቨርሲቲ በተመረቀች የሰፈራቸው ልጅ መካከል የሚካሄድ ነው። ስለ ሥራ ውል የሚነሡት ነጥቦች በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ላይ የተመሠረቱ ናቸው።

ተማሪ፦ እትዬ፣ እንደምን አሉ? የመውጫ ፈተናውን አልፌ ተመርቄያለሁ። አሁን ሥራ ፍለጋ ልጀምር ነው። ግን ማስታወቂያ ባነበብኩ ቁጥር ግር ይለኛል፤ ቃላቱን ክፍል ውስጥ ማንም አላስተማረንም።

እትዬ፦ እሰይ ልጄ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ! ነይ ተቀመጪ። ከማስታወቂያው እንጀምር። «ክፍት የሥራ ቦታ» ከሚለው ሥር መጀመሪያ የምታገኚው «የሥራ መደብ» ነው፤ የምትቀጠሪበት ቦታ መጠሪያ ማለት ነው። ቀጥሎ «ተፈላጊ ችሎታ» ይመጣል። እሱም የትምህርት ደረጃና የሥራ ልምድ ተብሎ ይከፈላል። «0 ዓመት» የሚል ካየሽ ላንቺ ለአዲስ ተመራቂዋ የተከፈተ በር ነው። «አግባብ ያለው የሥራ ልምድ» ካለ ግን ማንኛውም ሥራ አይበቃም፤ ከመደቡ ጋር የሚዛመድ መሆን አለበት።

ተማሪ፦ «በተከታታይ 10 የሥራ ቀናት ውስጥ» የሚለውስ? እስከ መቼ እንደሆነ መቁጠር አቅቶኝ ያውቃል።

እትዬ፦ የሥራ ቀን ሲባል እሑድና የሕዝብ በዓላት አይቆጠሩም፤ ቅዳሜ የማይሠራ መሥሪያ ቤት ከሆነ ቅዳሜም ይወጣል። ቆጠራው የሚጀምረው ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን ነው ወይስ ከማግስቱ የሚለውን አስተውለሽ አንብቢ። ለማንኛውም የመጨረሻውን ቀን አትጠብቂ። ስትሄጂ የትምህርት ማስረጃሽን ዋናውንና ፎቶ ኮፒውን ያዢ። የቴክኒክና ሙያ ምሩቅ ከሆነ ደግሞ ሲኦሲ፣ ማለትም የብቃት ማረጋገጫ፣ ይጠየቃል። ገንዘብ ወይም ንብረት ለሚያስረክብ መደብ «ዋስ ማቅረብ የሚችል» የሚል ይጨመራል፤ ዋስ የሚሆንሽን ሰው ቀድመሽ አነጋግሪ።

ተማሪ፦ በተማሪነቴ ለተግባር ልምምድ የወጣሁበት ጊዜ እንደ ሥራ ልምድ ይያዝልኛል?

እትዬ፦ ብዙዎቹ ቀጣሪዎች አይቆጥሩትም። ሲቪሽ ላይ ግን ጻፊው፤ ምን እንደሠራሽ በዝርዝር አስቀምጪ። የሥራ ልምድ የሚባለው ተቀጥረሽ ደመወዝ እየተከፈለሽ የሠራሽበት ዘመን ነው። የሚረጋገጠውም «የሥራ ልምድ ማስረጃ» በሚባለው ደብዳቤ ነው። እዚህ ላይ ሕጉን ልንገርሽ፦ ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ ወይም በማንኛውም ጊዜ ሲጠይቅ፣ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ሲከፈለው የነበረውን ደመወዝ የሚገልጽ ማስረጃ በነፃ የመስጠት ግዴታ አለበት። ችሮታ አይደለም፤ መብትሽ ነው። ስለዚህ አንገትሽን ደፍተሽ አትለምኚ፤ በማመልከቻ ጠይቂ።

ተማሪ፦ ደመወዝ ላይ «በስምምነት» ይላል። ቃለ መጠይቅ ላይ «ስንት ትፈልጊያለሽ?» ቢሉኝ ምን ልበል?

እትዬ፦ ከመመለስሽ በፊት «ያልተጣራውን ነው ወይስ የተጣራውን?» ብለሽ ጠይቂ። ያልተጣራ ደመወዝ ምንም ሳይቀነስለት ውሉ ላይ የሚጻፈው ነው። የተጣራው እጅሽ የሚገባው ነው። በመካከላቸው ሁለት ተቀናሾች አሉ፦ የሥራ ግብርና የጡረታ መዋጮ። በ10,000 ብር እናስላው። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር መሠረት የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም። ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ባለው 15 በመቶ፣ 300 ብር፤ እስከ 7,000 ባለው 20 በመቶ፣ 600 ብር፤ እስከ 10,000 ባለው 25 በመቶ፣ 750 ብር። ግብሩ ሲደመር 1,650 ብር ሆነ። ጡረታው 7 በመቶ ነውና 700 ብር ነው። ስለዚህ የተጣራው 7,650 ብር ነው።

ተማሪ፦ እኔ እኮ 10,000 ሲሉኝ 10,000 ኪሴ የሚገባ መስሎኝ ነበር! ጡረታውስ ለወጣት ምን ያደርጋል?

እትዬ፦ ዛሬ ይራቅሽ እንጂ ያንቺው ነው። አሠሪው ደግሞ ከራሱ 11 በመቶ ይጨምርልሻል፤ ይህ ካንቺ ደመወዝ አይነካም። ለዚህ ነው የጡረታ ምዝገባሽ መፈጸሙን መከታተል ያለብሽ። አሁን ደግሞ ብዙ ወጣት የሚያልፈውን ላሳይሽ። አንዱ ድርጅት «ደመወዝ 10,000» ይልሻል። ሌላው «ደመወዝ 6,000፣ የትራንስፖርትና የልዩ ልዩ አበል 4,000» ይልሻል። እኩል ናቸው?

ተማሪ፦ ድምሩ አንድ ነው፤ እኩል ይመስሉኛል።

እትዬ፦ በፍጹም እኩል አይደሉም። በሕጉ ደመወዝ የሚባለው ለመደበኛው ሥራ የሚከፈለው ነው፤ የትራንስፖርት አበል፣ ውሎ አበል፣ ቦነስ፣ ኮሚሽን፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ከደመወዝ አይቆጠሩም። የትርፍ ሰዓት፣ የስንብት ክፍያ፣ የጡረታ መዋጮ የሚሰላው ከደመወዙ ነው። አበሉ ሲበዛና ደመወዙ ሲያንስ ዛሬ አይታወቅሽም፤ ትርፍ ሰዓት የሠራሽ ቀንና ሥራ የለቀቅሽ ቀን ግን ይታወቅሻል። ሰርቪስ፣ ሕክምናና የመሳሰሉት «ጥቅማ ጥቅም» ይባላሉ፤ እነሱንም ለይተሽ ጠይቂ።

ተማሪ፦ አለፍኩ እንበል፣ ውል ሰጡኝ። ምኑን ልይ?

እትዬ፦ መጀመሪያ የቅጥሩን ዓይነት እይ። «ላልተወሰነ ጊዜ» የሚለው በተለምዶ ቋሚ የምንለው ነው። «ለተወሰነ ጊዜ ወይም ሥራ» የሚለው ኮንትራት ነው። ሕጉ ማንኛውንም ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ነው የሚገምተው። ኮንትራት የሚፈቀደው ምክንያት ሲኖር ነው፤ ለምሳሌ በፈቃድ ወይም በሕመም የቀረን ሠራተኛ ለመተካት፣ ወይም ለወቅታዊ ሥራ። ያለማቋረጥ ለሚሠራ ቋሚ ሥራ በየስድስት ወሩ ውል እያደሱ ማቆየት ሕጉ ያሰበው አይደለም።

ተማሪ፦ የሙከራ ጊዜስ? ጓደኛዬን «ሙከራ ላይ ስለሆንሽ እረፍትም ትርፍ ሰዓትም የለሽም» ብለዋታል።

እትዬ፦ ተሳስተዋል። የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ መስፈር አለበት፤ ከ60 የሥራ ቀናትም አይበልጥም። በዚህ ጊዜ ለሥራው ብቁ ካልሆንሽ ያለማስጠንቀቂያና ያለስንብት ክፍያ ሊያሰናብቱሽ ይችላሉ፤ አንቺም ካልተስማማሽ ያለማስጠንቀቂያ መልቀቅ ትችያለሽ። የቀረው መብትና ግዴታ ግን የሙከራ ጊዜውን እንደጨረሰው ሠራተኛ ነው። ትርፍ ሰዓት ከሠራች ሊከፈላት ይገባል።

ተማሪ፦ ትርፍ ሰዓት ከስንት ሰዓት በኋላ ነው የሚጀምረው?

እትዬ፦ መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም። ከዚያ ያለፈው ትርፍ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለሠራሽው የሰዓቱ ክፍያ በ1.5 ይባዛል፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በ1.75፤ በሳምንት የዕረፍት ቀን በ2፤ በሕዝብ በዓል በ2.5። ሰዓትሽን በራስሽ ማስታወሻ መዝግቢ፤ ክርክር ቢነሣ ማስታወሻሽ ይረዳሻል።

ተማሪ፦ ስለ ፈቃድም ይንገሩኝ።

እትዬ፦ የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት ነው፤ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። የሕመም ፈቃድ በ12 ወራት ውስጥ እስከ 6 ወር ይደርሳል፦ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ያለ ክፍያ። የሐኪም ማስረጃ ግን ያስፈልጋል። የወሊድ ፈቃድ ከመውለድ በፊት 30፣ ከወለዱ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ከሙሉ ደመወዝ ጋር ነው። አባትም 3 ተከታታይ ቀናት ከነደመወዙ አለው። ይህን አንቺም ወንድሞችሽም እወቁት።

ተማሪ፦ የተሻለ ሥራ ባገኝና ብለቅስ?

እትዬ፦ የሙከራ ጊዜሽን ከጨረስሽ በኋላ የ30 ቀን ቅድመ ማስታወቂያ በጽሑፍ ትሰጫለሽ። የተረከብሽውን ንብረት አስረክበሽ ክሊራንስ ትጨርሻለሽ፤ የሥራ ልምድ ማስረጃሽን ይዘሽ ትወጫለሽ። ስልክ ዘግቶ መጥፋት ግን ነገ ልምድሽን የሚያረጋግጥልሽን ሰው ማሳጣት ነው። አሠሪው ሲያሰናብትሽም እንደ ምክንያቱ ማስጠንቀቂያና የስንብት ክፍያ አለ፤ ደብዳቤው ላይ የተጻፈውን ምክንያት ሳታነቢ አትቀበዪ።

ተማሪ፦ ይህ ሁሉ በመንግሥት መሥሪያ ቤትም ይሠራል?

እትዬ፦ አይሠራም። የመንግሥት ሠራተኞች የራሳቸው አዋጅ አላቸው፤ የሙከራ ጊዜውም ፈቃዱም የሚወሰነው በዚያ ነው። ስለዚህ ከማንኛውም ጥያቄ በፊት «የምቀጠረው በየትኛው ሕግ ነው?» በዪ።

ተማሪ፦ እትዬ፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ ብዙ ብጠይቅ «ገና ሳትቀጠር ተከራካሪ» ይሉኛል ብዬ እፈራለሁ። ሥራ በጠፋበት ዘመን…

እትዬ፦ ፍርሃትሽ ይገባኛል፤ ከፊቴ ተቀምጠው እጃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ሳያነቡ የፈረሙ ብዙ ልጆች አይቻለሁ። ግን ስሚኝ ልጄ፦ በትሕትና መጠየቅ ክርክር አይደለም። ጥሩ አሠሪ ውሉን አንብባ የምትጠይቅ ሠራተኛን አይጠላም፤ ነገ የድርጅቱንም ወረቀት እንዲሁ አንብባ እንደምትፈርም ያውቃል። «እሱ ችግር የለውም፣ በቃል እንስማማለን» ካሉሽ፣ አባቶቻችን በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ብለዋል። ውሉ በጽሑፍ ባይሆን እንኳ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዋና ዋና ነጥቦቹን የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ ሊሰጥሽ ይገባል። ለመቅጠር ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅሽ ሰው ካለ ግን ሥራ ሰጪ አይደለም፤ ተነሥተሽ ሂጂ።

ተማሪ፦ እንግዲህ ከመፈረሜ በፊት የትኞቹን ላረጋግጥ?

እትዬ፦ አምስቱን፦ ቅጥሩ ቋሚ ነው ወይስ ኮንትራት፤ ደመወዙ ስንት፣ አበሉ ስንት፤ የሙከራ ጊዜው ስንት ቀን፤ የሥራ ሰዓቱ ስንት፣ ቦታው የት፤ የጡረታ ምዝገባው ከመቼ ጀምሮ። እያንዳንዱን በራስሽ አፍ ለእናትሽ ማስረዳት ከቻልሽ ፈርሚ። ካልቻልሽ ብዕሩን አስቀምጪና ጠይቂ። ከፈረምሽም በኋላ አንዱን ቅጂ ሳትቀበዪ ከዚያ ቢሮ አትውጪ።