የመኪና ኢንሹራንስ ላይ የሚታከለው የሕግ ሽፋን ያዋጣል?

እንግሊዝ አገር የመኪና ኢንሹራንስ በኢንተርኔት ሲገዙ፣ ከመክፈልዎ በፊት አንድ ጥያቄ ይመጣል፦ በዓመት 30 ፓውንድ ገደማ ይጨምሩና እስከ 100,000 ፓውንድ የሚደርስ የጠበቃ ወጪ ይሸፈንልዎ? ቁጥሩ ያማልላል፤ የሚያሳስተውም እሱው ነው። ያን ያህል ገንዘብ የሚበላ ክርክር አብዛኛውን ጊዜ ከባድ የአካል ጉዳት ያለበት ነው፤ ጥፋቱ የሌላው ሹፌር መሆኑ ግልጽ ከሆነ ደግሞ፣ ካላሸነፉ ላያስከፍሉ ተስማምተው የሚይዙት ጠበቆች አይጠፉም። ሽፋኑ መመዘን ያለበት በትንንሾቹ ገንዘቦች ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያ ወረቀት ያውጡና፣ ሌላ ሰው ቢገጭዎ ኢንሹራንስዎ የማይከፍለውን ይጻፉ። ሙሉ ሽፋን ካለዎ መኪናው ይጠገናል፤ ኤክሰሱ (ከጥገናው ወጪ እርስዎ ራስዎ የሚከፍሉት ድርሻ)፣ መኪናው ጋራዥ ሳለ የቀረው ገቢና የትራንስፖርት ወጪ ግን በእርስዎ ላይ ይቀራሉ። እነዚህን ከገጪው ወገን የሚያስመልሰው የሕግ ሽፋኑ ነው። ኤክሰሱ 150 ፓውንድ ሆኖ መኪናውን ለገበያና ለቤተ ክርስቲያን ብቻ የሚያወጣ ሰው፣ በአምስት ዓመት የሚከፍለው ከኤክሰሱ ጋር እኩል ይመጣል። ኤክሰሱ 500 የሆነና በሚኒካብ የሚተዳደር ሹፌር ግን ሁለት ሳምንት ቢቆም ሂሳቡ ሌላ ነው፤ የቀረበትን ገቢ በግብር መዝገቡ ማሳየት እስከቻለ ድረስ። የሶስተኛ ወገን ሽፋን ብቻ ያለው ሰውማ የጥገናው ወጪ ጭምር በራሱ ላይ ስለሚወድቅ፣ የበለጠ ያስፈልገዋል። የሚኒካብ ሹፌር ከሆኑ ታዲያ ሽፋኑ ለታክሲ ሥራ በተገዛው ውል ላይ መሆኑን ያረጋግጡ።

«ያለ ጠበቃ ራሴ እጠይቃለሁ» የሚል መከራከሪያ አለ፤ ውሃ የሚያነሳ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ እስከ 10,000 ፓውንድ ያለ የገንዘብ ጥያቄ በአብዛኛው ለትንንሽ ጥያቄዎች በተዘጋጀው ቀለል ያለ የፍርድ ቤት ሥርዓት ይታያል። ከግንቦት 2021 በኋላ በደረሱ አደጋዎችም፣ ካሳው ከ5,000 ፓውንድ የማይበልጥ የመኪና ተሳፋሪ ወይም ሹፌር ጉዳት ወደዚያው ገብቷል፤ ያለ ጠበቃ የሚጠቀሙበት ነፃ የኢንተርኔት አገልግሎትም ተከፍቷል። ነገር ግን መከራከሪያው ሁለት ስለት አለው። በዚህ ሥርዓት ያሸነፈ ሰው እንኳ የጠበቃ ወጪውን ከተሸናፊው አያገኝም፤ ስለዚህ ጠበቃው ወይ ጉዳዩን አይፈልገውም ወይ ከካሳው ይቆርጣል። እንግዲህ የሚቀረው ጥያቄ አንድ ነው፦ በእንግሊዝኛ ደብዳቤ እየጻፉ፣ ፎቶና ደረሰኝ እያደራጁ ወራት የሚፈጅ ምልልስ ይችሉታል? ከቻሉ 30 ፓውንዱን ኪስዎ ውስጥ ይተዉት።

ካልቻሉ ደግሞ ከመግዛትዎ በፊት የውሉን ሰነድ ያንብቡ። ሽፋኑ የሚሠራው የማሸነፍ ዕድልዎ ከ50 በመቶ በላይ ነው ተብሎ ሲገመት ነው፤ ጥፋቱ የእርስዎ ከሆነ አያስመልስም። ጥፋተኛው ማን እንደሆነ በሚያከራክር አደጋ ሊከለከሉ ስለሚችሉ፣ የመኪና ካሜራ ከሽፋኑ ያላነሰ ይጠቅማል። ጠበቃውን መጀመሪያ የሚመርጠው ኢንሹራንሱ ነው፤ ክስ ወደ ፍርድ ቤት ሲሄድ ግን የራስዎን የመምረጥ መብት አለዎ። የሠራተኛ ማኅበር አባል ከሆኑ ተመሳሳይ እርዳታ በነፃ ሊኖርዎ ይችላል፤ የቤት ኢንሹራንስ ላይ ያለው የሕግ ሽፋን ግን የመኪና አደጋን ብዙ ጊዜ አይጨምርም።

ሻጩ በኢንተርኔት ቅጹ ላይ የሽፋኑን ሳጥን አስቀድሞ ምልክት አድርጎበት እንዳይሸጥ ከሚያዝያ 2016 ጀምሮ ተከልክሏል። ያም ሆኖ ገዝተው ሐሳብዎን ከቀየሩ፣ ሰነዱ ከደረሰዎ በኋላ በ14 ቀን ውስጥ መሰረዝ ይችላሉ።