ጨውና ሸክላ

አዲስ እንስራ ውሃ ሲሞሉበት ውጪው ይወዛል። ለምን? ጭቃው ውስጥ ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች ስላሉ ነው። እናቶቻችን አዲስ ሸክላ የሚያሟሹትም እነዚህን ቀዳዳዎች ለመድፈን ነው። የጀርመን አገር ሸክላ ሠሪዎች ደግሞ ሌላ መላ አገኙ። መላቸው ብርቱ እሳትና ጨው ነበር፤ ያው ወጥ የምናጣፍጥበት ጨው!

በራይን ወንዝ አካባቢ ኃይለኛ እሳት የሚችል ጭቃ አለ። ከ1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲተኮስ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፤ ውሃም አያሳልፍም። እሳቱ በጣም ሲግል ሠሪዎቹ ጨው ወደ ምድጃው ይጨምራሉ። ጨው ወዲያው ይተናል። በውስጡ ያለው ሶዲየም የሚባል ንጥረ ነገር ከጭቃው ጋር ይዋሃድና በዕቃው ላይ ስስ ብርጭቆ ይሆናል። ሲዳስሱት እንደ ብርቱካን ልጣጭ ነው።

በ16ኛው ክፍለ ዘመን ኮሎኝና ፍሬኸን በተባሉ ከተሞች አንገታቸው ላይ የጺማም ሰው ፊት ያለባቸው ማሰሮዎች ይሠሩ ነበር። በቬስተርቫልድ ደግሞ ግራጫውን ሸክላ ኮባልት በሚባል ሰማያዊ ቀለም ያስጌጡት ነበር። በቢራና በወይን ጠጅ ማቅረቢያነታቸው ባሕር ተሻግረው ተሸጡ። በ1629 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ባታቪያ የተባለች የሆላንድ መርከብ በአውስትራሊያ ጠረፍ ተሰበረች። ከ300 ዓመት በኋላ ጠላቂዎች በስብርባሪዋ መካከል እነዚህን ጺማም ማሰሮዎች አገኙ።

ታዲያ ለጠጪው ምን ጠቀመ? በዚያ ዘመን ብዙ ሸክላ የሚለበጠው እርሳስ በተባለው ብረት ነበር። እርሳስ መርዝ ነው። ኮምጣጣ መጠጥ እርሳሱን እያሟሟ ወደ ሆድ ያስገባዋል። የጨው ልባስ ግን እርሳስ የለበትም፤ ኮምጣጣም አይበላውም።

ለሠሪው ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አልነበረም። ጨው ሲተን አሲድ ያለበት ጭስ ይወጣል። ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፤ ሳንባ ይጎዳል። ስለዚህ ማናችንም በቤታችን ምድጃ ይህን አንሞክር።

ዛሬ እነዚህ ማሰሮዎች በሙዚየም ተደርድረው ይታያሉ። ስናያቸው ጭሱ ውስጥ ቆሞ ጨው ይጨምር የነበረውን ሰው እናስብ። ጤናማው ዋንጫ የተገኘው በእሱ እጅና ድካም ነው።

ጥያቄዎች
1. አዲስ እንስራ ለምን ይወዛል?
2. ጨው እሳት ውስጥ ሲገባ ምን ይሆናል?
3. የጨው ልባስ ከእርሳስ ልባስ በምን ይሻላል?
4. ሸክላ ሠሪውን የሚጎዳው ምንድን ነው?