ጭሱ ጠፋ ብለሽ አትዘናጊ

ቆይ እስቲ፣ ያን ምድጃ ወደ ውስጥ አታስገቢው። ክረምት ነው፣ የተከራየሽው ክፍልም ይበርዳል፤ ገብቶኛል። ግን ፍሙ ስለቀላ «አሁንማ አይጎዳም» አትበይኝ። ዓይን የሚያቃጥለው ጭሱ ነው፤ የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከቀላው ፍምም ይወጣል።

ሰው ሁለቱን ጋዞች ያምታታቸዋል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ እኛም የምናስወጣው ትንፋሽ ውስጥ አለ። ሲበዛ ያስለከልክሻል፣ ያፍንሻል፤ ሰውነትሽ ስለሚያውቀው «ውጪ፣ ውጪ» ይልሻል። ሞኖክሳይድን ግን አያውቀውም። ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። እየተነፈስሽ፣ ምንም ሳያፍንሽ፣ ደምሽ ኦክስጅን ያጣል። ራስሽን ያምሻል፣ ያቅለሸልሽሻል፣ ጉልበት ይከዳሻል፤ አንቺ ጉንፋን መስሎሽ ብርድ ልብስ ትከናነቢያለሽ። የተኛ ሰውማ ይህም አይሰማው።

በሻማ እፈትነዋለሁ እንዳትይ። አንቺ ከወደቅሽ በኋላም ሻማው ይበራል።

ዳይኦክሳይድንም አትናቂው፤ የእሱ ቦታ ጉድጓድ ነው። ከአየር አንድ ተኩል ጊዜ ስለሚከብድ የውሃም ሆነ የእህል ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል፤ 10 በመቶ ከደረሰ በደቂቃዎች ራስ ያስታል። በፈረንጆቹ 1986 ካሜሩን ውስጥ ከኒዮስ ሐይቅ ማታ ፈንድቶ ወደ ሸለቆው ወርዶ ከ1,700 በላይ ሰው ፈጅቷል። አገር ቤት ስትሄጂ ለወንድሞችሽ ንገሪያቸው፦ ጉድጓድ ውስጥ ሰው ቢወድቅ ተከትሎ መግባት ሁለተኛ ሬሳ መጨመር ነው።

ወደ ቤትሽ ልመልስሽ። ከሰሉን ውጪ አያይዢ። ቡና ውስጥ ካፈላሽ በርና መስኮቱን ወለል አድርጊ፤ እንደጨረስሽ ምድጃውን አውጪና ፍሙን ውሃ ድፊበት። ለጠዋት ብለሽ እሳት አዳፍነሽ አትተኚ፤ አመድ የለበሰ ፍም ሌሊቱን ሙሉ ጋዙን ይለቃል።

ጎረቤትሽ አልነቃ ካለች በሩን በርግደሽ ወደ ውጪ ጎትቻት። ሎሚ ማሽተት፣ ወተት ማጠጣት የለም፤ ራሷን የሳተችን ሰው ወተቱ ያንቃታል። መድኃኒቷ ኦክስጅን ነው፤ ሐኪም ቤት አድርሻት። ሐኪሙንም «ከሰል ያለበት ክፍል ተኝታ ነው» በዪው። ጣት ላይ የሚሰካው መለኪያ ሞኖክሳይዱን ከኦክስጅን ስለማይለይ፣ ካልተናገርሽ ደህና ናት ተብላ ልትመለስ ትችላለች።