ከኢየሩሳሌም መልስ የመጣ ቅያሜ

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ የጉለሌ ሩፋኤል ሰፈር ነዋሪዎች ስንሆን፣ ለብዙ ዘመን የተመኘነውን የኢየሩሳሌም ጉዞ ዘንድሮ ፈጸምን። ሻንጣችን ወደ ኋላ ቀርቶ ሐሙስ ደረሰን፤ ማደሪያችንም ከማኅበርተኞቻችን የራቀ ሆነ። ባለቤቴ የስኳር ሕመም ስላለባቸው ኢንሱሊን ይወጋሉ፤ ይህን ግን ለጉዞው አስተባባሪ እንዳልናገር ከለከሉኝ። የስቅለት ዕለት ጧት መርፌያቸውን ወግተው አክፍሎት ያዙ። በፍኖተ መስቀል ስንሄድ «ይህን ሁሉ ያመጣሽብኝ አንቺ ነሽ» ብለው በሰው ፊት ጮኹብኝ፤ ወዲያውም ወደቁ። በዴር ሡልጣን ገዳም ልናከብረው የጓጓንለትን የትንሣኤ ሌሊት በሆስፒታል አሳለፍነው፤ ዮርዳኖስም አልወረድን። ከተመለስን ወዲህ ስለ ሕመሙ ለጎረቤት እንዳልናገር ይከለክሉኛል፤ ያ ቃል ደግሞ ከልቤ አልወጣም። ምን ላድርግ?
ቅር ያላት፣ ከጉለሌ

መልስ፦ ክብርት እኅቴ ሆይ፤ ልብዎን የያዘው ያ የዓርቡ ቃል ነውና አስቀድሜ ስለ እርሱ ልናገር። ኢንሱሊን የወሰደ ሰው እህል ሳይቀምስ፣ ይልቁንም በእግሩ ሲጓዝ በዋለ ጊዜ፣ በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ከልኩ በታች ይወርዳል፤ አንጎልም ምግቡ ሲጎድልበት ሰውየውን ላብ ያጠምቀዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ሐሳቡ ይደናገራል፣ ትዕግሥተኛ የነበረውም ሰው ጠባዩ ተለውጦ ያለ ምክንያት ይቆጣል። ጩኸቱና መውደቁ ተከታትለው እንደ መጡ ራስዎ ጽፈውልኛልና፣ ቃሉን የወለደው ደዌው እንደ ሆነ አጥብቄ እገምታለሁ፤ ስለዚህም እንደ በደል ባይቆጥሩባቸው እወዳለሁ።

ሕመሙን መሰወራቸውን ግን እንዲህ በቀላሉ አላልፈውም። ባለቤትዎ ዝም እንዲሉ ሲያዝዙዎ፣ ሳያስቡት የሕይወታቸውን አደራ በባዕድ አገር በእርስዎ ብቻ ጫንቃ ላይ ጥለዋል፤ ይህም ከባድ ነው። ምናልባት በጾሙ ወራት ደካማ መስለው መታየትን ፈርተው ይሆናል። ሆኖም ስለ ጾም የሚናገረው የፍትሐ ነገሥት 15ኛ አንቀጽ የሥጋ ደዌ የከለከለውን ሰው ከግዴታው ያወጣዋልና፣ ቤተ ክርስቲያን ያላዘዘችውን ሸክም በራሳቸው ላይ ጭነዋል። በዮርዳኖስ ዳር የሥላሴን ገዳም ያሠሩት እቴጌ መነን እንኳ፣ በ1928 ዓ.ም. በጀመረው የስደት ዘመን የእንግሊዝ አገር ብርድ ጤናቸውን ቢጎዳው፣ ባለቤታቸው ንጉሠ ነገሥቱ በባዝ ከተማ ሲቀሩ እሳቸው ወደ ኢየሩሳሌም ተመልሰው ተቀምጠዋል፤ ለጤና ሲባል ከባል መለየት እንኳ ነውር ካልተባለ፣ በሽታን ለአስተባባሪ መንገር ምን ያሳፍራል?

እንግዲህ ቤቱ ጸጥ ባለበት ምሽት፣ ያዘኑበትን ነገር ሳይቆጡ ይንገሯቸው፤ በዚያች ሰዓት የተናገሩትን ላያስታውሱት ይችላሉና፣ «ረሳሁት» ቢሉዎ ማምለጫ አድርገው አይቁጠሩት። ከዚያም ሁለታችሁም አብራችሁ ወደ ንስሐ አባታችሁ ሂዱ፤ የጾሙ ነገር ከካህን አፍ ሲሰማ ከሚስት ምክር ይልቅ ልባቸውን ያሳርፈዋል። ወደ ሐኪማቸውም አብረው ይግቡ።

ዮርዳኖስ ስለ ቀረ ጉዟችን ጎደለ ብለው አይጨነቁ፤ እግዚአብሔር ቢፈቅድ ሌላ ዓመት ትወርዱታላችሁ። ያን ጊዜ መድኃኒቱ ከእጅ ቦርሳ አይለይ፤ በአውሮፕላኑ ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ኢንሱሊን በብርድ ሊበላሽ ይችላል፣ ሻንጣ ሊዘገይ እንደሚችልም አይታችኋል። የሐኪም ደብዳቤ ይያዙ፤ በኪሳቸውም ከረሜላ አይጥፋ። የጥምቀቱ ስፍራ ከባሕር ወለል በታች ከ350 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ቆላ ነው፤ ሙቀት ደግሞ የኢንሱሊንን ሥራ ያፋጥናልና፣ ከጉለሌ ደጋ ለሚወርድ ሰው የመጠኑን ነገር ቀድሞ ከሐኪም ጋር መመካከር ይገባል።

ለጎረቤት ግን እርስዎ ቀድመው አይናገሩ፤ ሕመሙ የእሳቸው ነውና እሳቸው እስኪያነሡት ይታገሷቸው። ዳግመኛ ስትጓዙ ግን ለአስተባባሪው ሳይነገር፣ ቢቆጡም እንኳ፣ ከቦሌ አብረዋቸው አይነሡ።